ጭንቅላቱን የማያስነካው ዳማ

ያኔ ሥራዬ ማጨብጨብ ነበር። ቀልድ አይደለም። ጅማ ውስጥ፣ መርካቶ አጠገብ ባለ ፎቅ ላይ፣ «የስብዕና ግንባታና የአመራር ጥበብ» የሚል ሰሌዳ ያንጠለጠለ ቢሮ ነበር። እዚያ ተቀጥሬ፣ አሰልጣኙ ድምፁን ከፍ ባደረገ ቁጥር ከፊተኛው ወንበር ቀድሜ አጨበጭባለሁ። እኔ ስጀምር አዳራሹ ይከተለኛል። ከዚያ ውጪ የምስክር ወረቀት አትማለሁ፣ ስልጠናውን በስልኬ እቀርጻለሁ፣ ፌስቡክ ላይ የሚለጠፈውን አባባል እየፈጠርኩ እጽፋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። በማኔጅመንት ዲግሪ ነበረኝ። ራሴን ደግሞ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ብልህ አድርጌ ነበር የማስበው።

አሰልጣኙን ቶፊቅ ልበለው። እጮኛዬ ነበር። ሽማግሌ ልኮ፣ አባቴ እሺ ብሎ፣ ኒካው ቡና ተለቅሞ ሲያልቅ እንዲሆን ተቆርጦ ነበር። ቶፊቅ ቁመናው ያማረ፣ ድምፁ ቤት የሚሞላ ሰው ነው። ስለ ንግድ ያስተምራል፤ አንድ ኪሎ ጨው ሸጦ አያውቅም። ስለ ትዳር ያስተምራል፤ አላገባም። ስለ ልጅ አስተዳደግ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲናገር እናቶች ማስታወሻ ይዘው ሲጽፉ አይቻለሁ። እኔም ከነሱ ጋር ጽፌያለሁ።

የአባቴ ቤት ከየቡ ወጣ ብሎ፣ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ ቦታ ነው። ከቤቱ ጀርባ ቡና አለ፤ ከቡናው በታች እስከ ወንዙ የምትወርድ፣ በቀርከሃ የታጠረች ጠባብ ሜዳ። አባቴን አገሬው አባ ፊጣ ይለዋል። ከሰው ጋር ብዙ አያወራም። የቀረው አንድ ፈረስ ብቻ ነበር፤ ሁለት ዓመት ያለፈው፣ ገና ያልተገራ ዳማ ወንድ። እናቱ፣ አባቴ ስንት ዘመን ገበያ የወጣባት ባዝራ፣ ዳማው የስድስት ወር ውርንጭላ ሳለ በሽታ ገብቶ በሁለት ቀን ውስጥ ከአፍንጫዋ አረፋ እየወጣ ሞታበታለች።

ያን ሰሞን ያው በሽታ ተመልሶ መጣ ተባለ። ሐሙስ ዕለት የእንስሳት ጤና ባለሙያ ቀበሌው ድረስ መጥታ ፈረሶችን ትከትባለች፤ በማግስቱ መድኃኒቱን ይዛ ወደ ሌላ ቦታ ትሄዳለች። ታስሮ ያልመጣ ፈረስ አይከተብም። ሰኞ ጠዋት አባቴ ደወለልኝ። አባቴ የሚደውለው ሰው ሲሞት ብቻ ስለሆነ ደንግጬ ነው ያነሳሁት።

«ሀያት፣ ዳማው ልባብ አላስጠልቅ አለኝ» አለ።

ልባብ ለማታውቁ፣ ልጓም አይደለም፤ ብረት የለውም። በአፍንጫው ላይ አልፎ ከጆሮው ጀርባ የሚዞር፣ ጭንቅላቱ ላይ የሚጠልቅ የገመድ ማሰሪያ ነው።

«ሰው አላገዘህም እንዴ አባ?»

«ሦስት ሰው ሞከረ። አንዱን ነከሰው። ሰይጣን አለበት ብለው ሄዱ።»

ስልኬ ድምፁ ከፍ ብሎ ስለነበር ቶፊቅ አጠገቤ ሆኖ ሰማ። ዓይኑ በራ።

«እኔ እሄዳለሁ» አለ። «ፈረስ ማለት ንጹህ ኢነርጂ ነው። ፍርሃትህን ያሸታል። ኮንፊደንስ ያለው ሰው ሲያይ ራሱ ነው የሚመጣው። ሀያት፣ አንቺ ካሜራ ያዢ። ይሄ የዓመቱ ቪዲዮ ነው!»

«ፈረስ ይዘህ ታውቃለህ?»

«ሰው ይዤ አውቃለሁ» አለኝ።

ሳቅኩ። የዚያን ጊዜው ሳቄ ከጭብጨባዬ ምንም አይለይም።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ የቡ ደረስን። ቶፊቅ ነጭ ጫማ አድርጎ ነው የመጣው። ክረምቱ ገና አልወጣም፤ መንገዱ ጭቃ፣ ሜዳው ጭቃ ነው። አባቴ ጫማውን አየና ቦቲ አምጥቶ እግሩ ስር አስቀመጠለት።

«አይ አባባ፣ አይቸገሩ። ፈረሱ ጋ ብዙ አልቆይም» አለ ቶፊቅ።

ዳማው ከሜዳው ታች ቆሞ ሳር ይነጫል። አባቴ በሰፌድ በቆሎ ይዞ «ኮቱ፣ ኮቱ» ሲለው ቀስ ብሎ መጣ። ከእጁ በላ። ሆዱን ሲያክለት ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። አባቴ እጁን በጉንጩ በኩል ወደ ላይ ሲያሳልፍ ግን ጆሮውን ለጥፎ ዞረና ቂጡን ሰጠን።

«ይሄው ነው። ራሱን መነካት አይፈልግም» አለ አባቴ።

እዚህ ጋ ቆም በሉና ልብ በሉ። አባቴ በሦስት ቃል እውነቱን ነገረን። ዲግሪ ያለኝ እኔ ሰማሁ፤ አሰልጣኙ ሰማ፤ ሁለታችንም አላዳመጥንም።

«ገባኝ። ኢጎ ነው» አለ ቶፊቅ።

ስልኬን ከፈትኩ። ቶፊቅ ልባቡን ከጀርባው ደብቆ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ፈረሱን ዓይን ዓይኑን እያየ ይሄድ ጀመር። እግረ መንገዱን ለካሜራው ይናገራል። «ተመልከቱ፣ አልቸኩልም። አልፈራም። መሪ ማን እንደሆነ በዓይኔ እየነገርኩት ነው።» ፈረሱ ሦስት ክንድ እስኪቀረው ጠበቀው፤ ከዚያ ትቶት ሄደ። ቶፊቅ ተከተለ። ፈረሱ ሜዳውን ዞረ። ቶፊቅም ዞረ። አራተኛው ዙር ላይ መናገሩን አቆመ፤ ትንፋሽ አጠረው። ስድስተኛው ላይ ሮጦ ሊቀድመው ሲሞክር አንሸራተተውና በወገቡ ጭቃ ላይ ተቀመጠ። ፈረሱ በላዩ ሲያልፍ የሰነዘረው እርግጫ ትከሻውን በአንድ ስንዝር ነው የሳተው።

አባቴ አልሳቀም። ውኃ በጆግ አምጥቶ እጁን አስታጠበው።

«ነገ» አለ ቶፊቅ፣ ፊቱ ቀልቶ። «ነገ ስትራቴጂ እቀይራለሁ።»

ስትራቴጂው ምን እንደሆነ ረቡዕ ጠዋት አየሁ። በጎተራውና በአጥሩ መሀል አንድ ፈረስ ብቻ የሚያስገባ ጠባብ መተላለፊያ አለ። መጨረሻው ዝግ ነው። አባቴ ወደ መስጊድ ሄዶ ሳለ፣ ቶፊቅ በቆሎ በትኖ ፈረሱን እዚያ አስገባና መግቢያውን በቀርከሃ ዘጋው። ከዚያ ሸምቀቆ የሠራበትን ወፍራም ገመድ ከአጥሩ በላይ ሆኖ ወረወረ። በሦስተኛው አንገቱ ላይ ገባለት። ሌላኛውን ጫፍ ከጎተራው ምሰሶ ጋር ቋጠረው።

«ቀረጽሽ?» አለኝ።

«እየቀረጽኩ ነው።»

ፈረሱ ገመዱ አንገቱን ሲይዘው ለአፍታ ፀጥ ብሎ ቆመ። እንዲያው አንገቱን ደፍቶ። ቶፊቅ ቶሎ ብሎ በራሱ ስልክ ፎቶ አነሳውና አጠገቡ ቆሞ ለካሜራዬ ፈገግ አለ። «አያችሁ? አክብሮት!» ከዚያ ልባቡን ይዞ እጁን ወደ ጆሮው ላከ።

የሆነውን በሙሉ መናገር አልችልም። ፈረሱ ጮኸ። ፈረስ እንደዚያ ይጮኻል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። በሁለት እግሩ ተነሳ፣ ገመዱ ጎተተው፣ ወደቀ፣ ሸምቀቆው ጠበቀ። እግሮቹ ቀርከሃውን ይደበድባሉ። ቶፊቅ ወደ ኋላ ዘለለና፣ እጁ ደም ማውጣቱን ሲያይ፣ የገመዱን ትርፍ አጥፎ የወደቀውን ፈረስ ፊቱን ይመታው ጀመር። አንዴ አይደለም። ሁለቴም አይደለም። «እኔን! እኔን ነው!» እያለ።

እኔስ? እኔ እየቀረጽኩ ነበር። ይህን ስጽፍ የምንቀው ሰው ቶፊቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። እጄ ነፃ ነበር፣ ቢላዋ ወጥ ቤት ነበር፣ ምሰሶው ከእኔ አምስት እርምጃ አይርቅም። እኔ ግን ስልኩ እንዳይንቀጠቀጥ በሁለት እጄ ይዤ ቆሜ ነበር።

አባቴ ነው የደረሰው። ጩኸቱን ከመንገድ ሰምቶ ሮጧል፤ የስልሳ ሰባት ዓመት ሰውዬ። ማንንም ሳያይ ገጀራውን ከግድግዳው አወረደና ገመዱን ምሰሶው ላይ ቆረጠው። ዳማው ተነሳ፣ ቀርከሃውን በደረቱ ጥሶ ወጣ፣ ቡናው ውስጥ ገብቶ ጠፋ። ሸምቀቆው አንገቱ ላይ ነበር።

አባቴ ገጀራውን መሬት ላይ አስቀመጠ። ቶፊቅ እንግዳው ነውና ድምፁን አላነሳበትም።

«ልጄ፣ ምን አደረገህ?» አለው።

ቶፊቅ የደማ እጁን ጠረገ። ሰውዬው ለሦስት መቶ ሰው ያለ ወረቀት የሚናገር ነው። አሁን ግን አባቴን ቀና ብሎ አላየውም። ወደ እኔ ዞሮ «ልብሴን ልቀይርና እንሂድ፤ ነገ ስልጠና አለን» አለኝ።

«ነገ ክትባት ነው። ፈረሱ ጠፍቷል» አልኩት።

«ለአንድ በቅሎ ብለሽ...»

«ፈረስ ነው።»

«ምንም ይሁን! እሺ ቅሪ። ቪዲዮውን ግን መሀሉን ቁረጪና ላኪልኝ። ፀጥ ብሎ የቆመባትን ብቻ።»

ሄደ። ነጩን ጫማ በፌስታል አንጠልጥሎ ነው የሄደው።

አባቴና እኔ ቡና ለቡና እየዞርን ከቀትር ጀምሮ ፈለግነው። አባቴ አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር። አንዴ ብቻ፣ ወንዙ ጋ ስንወርድ፣ «እናቱ እንዲህ አልነበረችም። እሱም ትንሽ ሆኖ እንዲህ አልነበረም» አለ። አሥር ሰዓት ገደማ ከጎረቤት መሬት ጫፍ፣ ውኃው ዳር ቆሞ አገኘነው። ሸምቀቆው ላልቶ ደረቱ ላይ ወርዷል። አባቴ ሰፌዱን ሲያንኳኳ አንገቱን አነሳ። ከዚያ፣ ያን ሁሉ ካየ በኋላ፣ በቆሎውን ተከትሎ ከኋላችን እስከ ቤት መጣ። እንዳንነካው ርቀቱን እየጠበቀ።

ሐሙስ ጠዋት ቀበሌው በር ላይ ፈረስና በቅሎ ተሰልፏል። የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ መሠረት ትባላለች፤ ከሆሳዕና በኩል የመጣች፣ አንገቷ ላይ ትንሽ መስቀል ያሰረች፣ ቁጣ ቁጣ የሚላት ሴት። ያለፈረስ ባዶ እጄን ሄጄ ነገርኳት።

«ሳይታሰር አልወጋም» አለች ቀና ሳትል። «ባለፈው ሳምንት አንዱ ጣቴን ሊሰብረኝ ነበር።»

«አይታሰርም። ጭንቅላቱን አያስነካም።»

አሁን ቀና አለች። «ጭንቅላቱን ብቻ? ሌላውን ያስነካል?»

«ሆዱን ያስነካል። ከእጅም ይበላል።»

«እና ማን አየለት?»

«ምኑን?»

«ጭንቅላቱን ነዋ! እንስሳ ሌላውን ሰጥቶ አንድ ቦታ ከከለከለሽ፣ ያ ቦታ ምን ሆኖ ነው ብሎ የጠየቀ ሰው የለም?»

ሰይጣን ብለናል። ኢጎ ብለናል። ቀና ብሎ ያየ ሰው የለም።

ሰልፉን ጨርሳ ስድስት ሰዓት አካባቢ መጣች። አልቸኮለችም። አባቴ እያበላው፣ እኔን ከትከሻው ጀምሬ ወደ ላይ እንዳክለት አዘዘችኝ። «እጅሽን አታንሺ፣ አትደብቂ። እሱ ሲያቆምሽ ቁሚ።» ቀኙን አንገቱን እስከ ጆሮው አስኬደኝ። ግራውን ግን ከጋማው መሀል ስደርስ ቆዳው ተርገበገበ፣ መብላቱን አቆመ። እዚያው ቆምኩ። መሠረት ከጎኔ ጎንበስ ብላ ጋማውን በአንድ ጣቷ ገለጥ አደረገች። ሽታው ቀድሞ ደረሰኝ። ከግራ ጆሮው ጀርባ፣ ጋማው የሸፈነው፣ ትንሽ ሎሚ የሚያህል እብጠት አለ፤ ጫፉ ተከፍቶ መግል ያወጣል።

«ልባቡ የሚያርፈው የት ይመስልሻል?» አለችኝ በሹክሹክታ። «በየቀኑ ቁስልሽ ላይ ገመድ ላጥብቅ ቢሉሽ ምን ታደርጊያለሽ?»

ገመድ ከጭንቅላቱ ርቆ አንገቱ ግርጌ ላይ ብቻ ላላ አድርገን አሰርን፤ ያን አልተቃወመም። ክትባቱን ወጋችው፤ ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ከዚያ የሚያፈዝ መድኃኒት ሰጠችውና ዓይኑ ሲከደን ቁስሉን ከፈተች። በመቆንጠጫዋ የሆነ ነገር ይዛ ሳበች። ጣት የሚያህል ርዝመት ያለው፣ የተጎነጎነ ሰማያዊ ክር ወጣ።

«የማዳበሪያ ጆንያ ክር ነው» አለች። «ማን ነው በዚህ ያሰረው?»

አባቴ መሬት መሬት አየ። እሱ አላሰረውም። ያሰርኩት እኔ ነኝ።

ባዝራዋ የሞተች ሰሞን ለሁለት ቀን ከጅማ መጥቼ ነበር። ውርንጭላው ብቻውን ሲቆም አሳዘነኝና ከጆንያ ላይ ክር መዝዤ፣ ጎንጉኜ፣ ቆንጆ ልባብ ሠራሁለት። አጠለቅኩለት፣ አብሬው ፎቶ ተነሳሁ፣ ፌስቡክ ላይ ከልብ ምልክት ጋር ለጠፍኩ፣ ወደ ጅማ ተመለስኩ። ውርንጭላ እንደሚያድግ አላሰብኩም። ጭንቅላቱ ሲሰፋ ክሩ ሥጋው ውስጥ ገባ። አባቴ ቆይቶ አየና ቆረጠለት፤ የቀረውን ግን ሥጋ ሸፍኖት ነበር። ይህን ሁሉ ጊዜ ያውቅ ነበር፣ ክሩን የሠራው ማን እንደሆነ። አንድም ቀን አልነገረኝም።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

መሠረት አላጽናናችኝም። «በይ እንግዲህ» አለችና ጨው የገባበት ለብ ያለ ውኃ አስመጣችኝ። «አንቺው ታጥቢዋለሽ። በቀን ሁለት ጊዜ።»

ዓርብ ጠዋት ፌስቡክ ስከፍት ቶፊቅ ቀድሞኛል። እኔ ቪዲዮውን ስላልላክሁለት በራሱ ስልክ ያነሳትን ፎቶ ለጥፏል፤ ፈረሱ ሸምቀቆው አንገቱ ላይ ሆኖ ራሱን ደፍቶ የቆመባትን። ከሥሯ «እውነተኛ መሪ ያለ ኃይል ይገዛል» ይላል። አባባሉ የኔ ነው፤ ከወር በፊት ለሌላ ነገር የጻፍኩለት። ልብና ጭብጨባ ዘንቦለታል። እንዲያውም አንድ ሰው «ፈረሱ ፊት ላይ ሰላም ይነበባል» ብሎ ጽፏል።

ደወልኩለትና ኒካው እንደማይኖር ነገርኩት።

«በፈረስ ምክንያት?» አለ። «ሀያት፣ አንቺ ችግርሽ ስሜታዊነት ነው። ቁጭ ብለን ማይንድሴትሽ ላይ እንሥራ።»

በሳምንቱ ሦስት ሽማግሌዎች አባቴ ቤት መጡ። ልጁ ጨዋ ነው፣ የተማረ ነው፣ ወጣት ነው ይቸኩላል፣ እሷም ትታገሥ አሉ። አባቴ እስኪጨርሱ አዳመጠ፤ ከዚያ «እሷው ትናገር» አለ። ስልኬን አውጥቼ ሳልቆርጥ ያስቀመጥኩትን የሁለቱን ቀን ቪዲዮ ከፈትኩና መሀላቸው አስቀመጥኩት። አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ጭቃ ላይ ሲወድቅ አንዱ ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው ደበቀ። ጩኸቱ ሲጀምር ማንም አልሳቀም። «እኔን! እኔን ነው!» የሚለው ጋ ሲደርስ ትልቁ ሽማግሌ ዓይኑን ከስልኩ ላይ አነሳ።

«ፈረሱ ተከተበ?» አለኝ።

«ተከትቧል አባባ፣ አልሃምዱሊላህ።»

«ቁስሉስ?»

«እየደረቀ ነው።»

«በቃ እንግዲህ» አለና ጫማውን ፈልጎ አደረገ። ሌሎቹም ተነሱ።

ይኸው ነው ገጠመኜ። ሕይወቴን የቀየረው ሦስት ቀን ነው፤ ግን ቶፊቅ ላይ የደረሰ ነገር የለም። ቶፊቅ ዛሬም ያሰለጥናል፤ አዳራሹ ሞልቷል፤ ከፊት የምታጨበጭብለት ሌላ ልጅ አግኝቷል። ከናንተም አንዳንዳችሁ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅላችኋል። ከሰቀላችሁ፣ እንዲህ የሚያምረው ፊደል የማነው ካላችሁ፣ የኔ ነው።

እኔ የቡ ላይ ትንሽ ፎቶ ኮፒ ቤት አለኝ። መጀመሪያ ሰሞን ቶፊቅን ብቻ መናቅ ደስ ይለኝ ነበር፤ ይቀላል፤ ነጭ ጫማው ብቻ ይበቃል። ቆይቶ ግን ሒሳቡ አልገጥም አለኝ። እሱ ፈረሱን የመታው አንድ ጠዋት ነው። እኔ ግን ዓመት ከመንፈቅ ጆሮው ጀርባ ነበርኩ፣ ከልብ ምልክት ጋር። እሱ ያደረገውን ያደረገው በንዴት ነው፤ እኔ ያደረግኩትን ደግሞ በፍቅር ነው ያደረግኩት፣ ተመልሼም አላየሁም። የትኛችን እንደምንብስ እናንተ ፍረዱ፤ እኔ ፈርጄ ጨርሻለሁ። እገሌ አስቸጋሪ ነው፣ እልከኛ ነው፣ አትይዙትም ሲባል ስሰማ አሁን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ ያየለት ሰው አለ ወይ? አብዛኛውን ጊዜ መልስ የለም። ይልቅ ስለ ባህሪው አንድ ሰዓት ያወሩልኛል።

ታሪኩ ላይ ማር እንድጨምርላችሁ የምትጠብቁ ካላችሁ አዝናለሁ። ዳማው አልወደደኝም። ቁስሉ ከዳነ በኋላ ልባብ ለመቀበል ሁለት ወር ፈጅቶበታል፤ ያውም ጉንጩ ላይ የሚቋጠር፣ በጆሮው ላይ የማያልፍ አድርጌ ሠርቼለት። አባቴ ሲጠራው ይመጣል። እኔ ስጠራው ቂጡን ያዞራል። ዛሬ ጠዋትም ሜዳው ላይ ልባቡን በግልጽ ይዤ፣ ሳልናገር፣ ሳልከተለው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆሜ አስጠበቀኝ። ሱቄን አርፍጄ ከፈትኩ። ደንበኞቼ በር ላይ ቆመው ይራገሙ ነበር፤ ፈረስ ስጠብቅ ቆየሁ አልኳቸው።